ቅድሚያው የእኔ ነበር፤ ታዲያ ሕጉን ማወቄ ምን ጠቀመኝ?

«የሞተር ብስክሌት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት በሥልጠና ላይ ያለሁ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። የጽሑፍ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፌያለሁ፤ የተግባር ፈተናው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ባለፈው ሳምንት ከአሠልጣኜ ጋር መንገድ ላይ ስለማመድ፣ በቀኝ ጠርዜ ይዤ በቀጥታ እየሄድኩ ሳለ ከፊት ለፊቴ ይመጣ የነበረ መኪና መስቀለኛው ላይ በድንገት ወደ ግራ ታጥፎ መንገዴን ዘጋብኝ። የኋላውን ፍሬን ባለ በሌለ ኃይሌ ረግጬ ጎማው እየተንሸራተተ ለጥቂት ተረፍኩ። አሽከርካሪው ወርዶ ‹አላየሁሽም› ብሎ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሕጉን የማውቀው እኔ፣ የጣሰው እሱ፣ ልትሞት የነበረችው ግን እኔ ከሆንኩ፣ ሕጉን ማወቄ ምን ጠቀመኝ? ለዓመታት ሞተር የነዳው ታላቅ ወንድሜ ‹የፊት ፍሬን እንዳትነኪ፣ ይገለብጥሻል› ይለኛል፤ የራሱን አሮጌ ሄልሜትም ሊሰጠኝ ነው። ታናሽ እህቴ ደግሞ ፈተናውን እንዳለፍኩ ከኋላዬ አስቀምጬ ትምህርት ቤት እንዳደርሳት ቃል አስገብታኛለች። ምን ይመክሩኛል?»

ውድ ጠያቂያችን፣

ከሁሉ አስቀድሞ እንኳን ተረፉ። የጠየቁት ጥያቄ የጽሑፍ ፈተናውን በጥሩ ውጤት ያለፉ ጀማሪዎች መንገድ ላይ ሲወጡ የሚገጥማቸው ግራ መጋባት ስለሆነ በሰፊው ልመልስልዎ እወዳለሁ። የመንገድ ሕግ ሁለት ሥራ ይሠራል። መንገዱን የሚጋሩት ሰዎች አንዱ ሌላው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ እንዲገምት ያስችላል፤ ነገር ከተበላሸ በኋላ ደግሞ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይለያል። ያላየዎትን አሽከርካሪ እጁን ይዞ ማስቆም ግን የሕግ ሥራ አይደለም። ስለዚህ ምክሬ ሕጉን አክብረው፣ ነገር ግን ሌላው እርስዎን እንዳላየ ቆጥረው እንዲነዱ ነው፤ ቅድሚያ በእጅዎ ያለ ነገር ሳይሆን ሌላው ሲለቅልዎ ብቻ የሚወስዱት ነገር ይሁን። ከዚህ በታች የምጽፍልዎ ሁሉ ከዚህ የሚመነጭ ነው።

«አላየሁሽም» ያለዎት ሰው ምናልባት እውነቱን ነው። ሞተር ብስክሌት ከፊት ሲታይ በጣም ጠባብ ስለሆነ፣ ከመኪናው የፊት መስታወት ግራና ቀኝ ያለው ምሰሶ ብቻውን ነጂውንም ሞተሩንም ሙሉ በሙሉ ሊጋርድ ይችላል። ለመታጠፍ የተዘጋጀ አሽከርካሪ ዓይኑ በልማድ የሚፈልገው መኪና ነው፤ ፈጠን ብሎ ወዲያና ወዲህ ሲቃኝም ዓይኑ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው በሚዘልበት ቅጽበት ያለፈውን ነገር አእምሮው አይመዘግበውም። ሞተሩን ቢያየው እንኳ ሌላ ስሕተት ይከተላል፤ ትንሽ ነገር ከእውነተኛው ርቀቱ ይልቅ የራቀ፣ ከእውነተኛው ፍጥነቱም ይልቅ የዘገየ ስለሚመስል «ገና ነው፣ እደርሳለሁ» ብሎ ይታጠፋል። በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ሃሪ ኸርትና ባልደረቦቻቸው በሎስ አንጀለስ 900 የሞተር አደጋዎችን ከሥር ከሥር ተከታትለው መርምረው እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት፣ ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ከሦስት ሁለት ያህሉ የደረሱት ሌላው አሽከርካሪ የሞተረኛውን ቅድሚያ በመንሣቱ ነበር። ከእነዚህም መካከል ጎልቶ የታየው እርስዎን የገጠመዎት ዓይነት፣ ከፊት የሚመጣ መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚደርሰው ግጭት ነው። በዚያው ጥናት ላይ የሰፈረ ሌላ ነገር ይበልጥ ያሳስበኛል፤ አደጋው መድረሱ ከታወቀበት ቅጽበት አንሥቶ ሞተረኛው ለማምለጥ የነበረው ጊዜ በአብዛኛው ከ2 ሰከንድ በታች ነበር። በ2 ሰከንድ ውስጥ ደንብ አይታሰብም፤ የሚሠራው እጅና ዓይን አስቀድመው የለመዱት ነገር ብቻ ነው።

ይህን ስል ሕጉን ያጠኑት በከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ሕግን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው የሌላውን ስሕተት ከመድረሱ በፊት ማየት ይችላል። አንድ ምሳሌ ልስጥዎ። ብዙ አገሮች የተቀበሉት የ1968ቱ የቪየና የመንገድ ምልክቶች ስምምነት «ቁም» የሚለውን ምልክት ባለ ስምንት ጎን፣ «ቅድሚያ ስጥ» የሚለውን ደግሞ ሹሉ ወደ ታች የተዘቀዘቀ ሦስት ማዕዘን አድርጎታል። ሌሎች ምልክቶች በዚህ ቅርጽ ስለማይሠሩ እነዚህን ሁለቱን ከጀርባቸውም ሆነ ጭቃ ቢሸፍናቸው መለየት ይቻላል። ስለዚህ በዋናው መንገድ ላይ ሲሄዱ ከጎን የሚገባውን መንገድ አፍ ቢመለከቱ፣ የምልክቱን ጀርባ አይተው ከዚያ የሚመጣው ሰው መቆም እንዳለበት ያውቃሉ። መኪናው ምልክቱ አጠገብ ደርሶ ፍጥነቱን ካልቀነሰ ደግሞ ሕጉ ሊጣስ መሆኑን ከሁሉ አስቀድመው የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። የጽሑፍ ፈተናው የሰጠዎት እውቀት መንገድ ላይ የሚያገለግለው እንዲህ ነው።

ወደ መስቀለኛ መንገድ ሲቃረቡ የሚከተለውን ልማድ ያድርጉት። ገና ሲርቁ ነዳጅ መስጫውን ይልቀቁ፤ ጣቶችዎን የፊት ፍሬን እጀታ ላይ፣ እግርዎን የኋላ ፍሬኑ ላይ ሳይጫኑ ያሳርፉ። ፍሬኑ ላይ ቀድሞ የተዘጋጀ እጅ ከነዳጅ መስጫው ተነሥቶ ፍሬን ከሚፈልግ እጅ በግማሽ ሰከንድ ያህል ሊቀድም ይችላል፤ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ግማሽ ሰከንድ 7 ሜትር ገደማ ነው። ለመታጠፍ የቆመውን መኪና ሲያዩ የአሽከርካሪውን ፊት ሳይሆን የፊት ጎማውን ይመልከቱ። ዓይን ለዓይን የተጋጨ ሰው ሁሉ አይቶዎታል ማለት አይደለም፤ ጎማ ግን መዞር ሲጀምር መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ይነግርዎታል። ከፊትዎ ትልቅ የጭነት መኪና ካለ ጀርባው ላይ ተለጥፈው አይሂዱ፤ ከፊት የሚመጣው አሽከርካሪ የጭነት መኪናውን አሳልፎ ባዶ ነው ብሎ የሚገባበት ቦታ እርስዎ ያሉበት ነውና ወይ ወደ ኋላ ቀርተው ወይ ወደሚታዩበት የረድፉ ክፍል ወጥተው ይንዱ። የፊት መብራትዎ በቀንም ቢሆን አጭሩ ይብራ፤ ሕጉ ባያስገድድዎም ያብሩት። ይሁን እንጂ «ልብ በለኝ» ለማለት ረጅሙን መብራት ብልጭ ድርግም አያድርጉ፤ ብዙ አሽከርካሪ ይህን «እለፍ» ብሎ ስለሚተረጉመው ራስዎ ላይ ይጠሩታል።

ስለ ፍጥነት አንድ ስሌት ብቻ ይያዙልኝ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ነው። አደጋውን አይተው ፍሬን እስኪይዙ 1 ሰከንድ ቢፈጅብዎ 14 ሜትር ይሄዳሉ፤ በደረቅ አስፋልት ላይ በሁለቱም ፍሬኖች በደንብ ቢይዙ ለመቆም ሌላ 14 ወይም 15 ሜትር ያስፈልግዎታል። ወደ መስቀለኛው ሲቃረቡ ፍጥነትዎን ወደ 40 ዝቅ ካደረጉ ግን ፍሬን ከያዙ በኋላ የሚሄዱት ርቀት ወደ 9 ሜትር ይወርዳል። ፍሬን ከተያዘ በኋላ የሚኬደው ርቀት የሚያድገው በፍጥነቱ ልክ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ርቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጥቂት ቀንሶ ብዙ ማትረፍ የሚቻልበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

አሁን ወንድምዎ ወዳሉት እመጣለሁ፤ እዚህ ላይ በግልጽ መናገር አለብኝ። «የፊት ፍሬን አትንኪ» የሚለው ምክር በብዙ ልምድ ባላቸው ሞተረኞች አፍ ውስጥ ያለ ቢሆንም ስሕተት ነው፤ የዚያን ዕለት ሊገድልዎ የነበረው ነገር ከፊሉም እሱ ነው። ሞተር ፍጥነቱን ሲቀንስ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይጫናል፤ የፊቱ ጎማ አስፋልቱን ይበልጥ ሲጫን የኋላው ይቀልላል። የቀለለ ጎማ መንገዱን ስለማይጨብጥ በኃይል ሲረግጡት ቶሎ ይቆለፍና መንሸራተት ይጀምራል። በዚህ ምክንያት በደረቅ መንገድ ላይ ሞተርን ከሚያቆመው ኃይል 70 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆነው ከፊት ፍሬን የሚገኝ ነው። በኋላ ፍሬን ብቻ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በሁለቱም ፍሬኖች ከሚያስፈልገው በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። ቀደም ብዬ የጠቀስሁት ጥናትም፣ አደጋ የደረሰባቸው ሞተረኞች አብዛኞቹ የኋላውን ፍሬን ከመጠን በላይ ረግጠው ጎማውን እንዳንሸራተቱና የፊቱን በሚገባ እንዳልተጠቀሙበት መዝግቧል።

በወንድምዎ አባባል ውስጥ ግን እውነት የሆነ ነገር አለ፤ እሱን ሳልጠቅስ ማለፍ አልወድም። የፊት ፍሬን በድንገት ሲጨበጥ፣ ክብደቱ ወደ ፊት ከመተላለፉ በፊት ጎማው ሊቆለፍ ይችላል፤ ሞተሩ ኩርባ ላይ ተዘንብሎ ሳለ ወይም አሸዋና ጠጠር ላይ ሆነው ቢጨብጡትም እንዲሁ። የፊት ጎማ ሲቆለፍ መሪው አይታዘዝም፤ መውደቅ የሰከንድ ክፋይ ጉዳይ ነው። እንግዲህ ወንድምዎ ያዩት ወይም የደረሰባቸው ይህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ፍሬኑን መተው ሳይሆን አያያዙን መማር ነው።

ልምምዱ እንዲህ ነው። አሠልጣኝዎ ባሉበት፣ ደረቅ፣ ንጹሕና ባዶ የሆነ ሰፊ ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ቀጥ ብለው ይሂዱ። ፍሪሲዮኑን ይጫኑ፣ ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ይልቀቁ፣ የኋላውን ፍሬን በቀስታ ይያዙ፤ የፊቱን እጀታ ደግሞ መጀመሪያ ልል የነበረውን ክፍተት ብቻ እስኪያልቅ ይሳቡት። በዚህ ጊዜ የሞተሩ ፊት ትንሽ ጎንበስ ሲል፣ የሰውነትዎም ክብደት በእጅዎ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ይሰማዎታል። ጎማው መንገዱን የጨበጠው ያን ጊዜ ነውና ከዚያ ወዲያ እየጨመሩ፣ እየጨመሩ ይጭመቁት፤ እንደ ሰፍነግ ውኃ ቀስ በቀስ እንደሚጨመቅ እንጂ እንደ በር እጀታ በአንድ ጊዜ አይሳብም። ጉልበትዎ የነዳጁን ታንክ ይቀፍ፣ ክንድዎ አይገተር፣ ዓይንዎ ወደ ፊት ጎማው ሳይሆን ወደ ሩቅ ይመልከት። የፊት ጎማው ቢንሸራተት ወዲያው ይልቀቁትና መልሰው ይጭመቁ። ይህን ሳያስቡት ማድረግ ሲጀምሩ ወደ 30፣ ቀጥሎም ወደ 40 ይለፉ። ሞተርዎ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የኤቢኤስ ፍሬን ካለው እድለኛ ነዎት፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ግዴታ ያደረገው በምክንያት ነው። ይሁንና ኤቢኤስም የሚያገለግለው ፍሬኑን ደፍሮ ለሚይዝ ሰው ነው። በእኔ ግምት ከፈተናው በፊት ካለዎት ሁለት ሳምንት አብዛኛውን ለዚህ ልምምድ ቢያውሉት ይሻላል።

ከፍሬን ቀጥሎ ማወቅ የሚገባዎ ሞተር እንዴት እንደሚታጠፍ ነው። በቀስታ ሲሄዱ መሪውን ወደሚፈልጉበት ያዞሩታል፤ ከ20 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ ግን ሞተር የሚታጠፈው በመዘንበል ነው፤ የሚያዘነብለውም ሊሄዱበት በሚፈልጉት አቅጣጫ ያለውን የመሪ እጀታ ወደ ፊት በቀስታ ሲገፉት ነው። ወደ ቀኝ ለመሄድ የቀኙን መግፋት ነገሩን የተገለበጠ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን ሜዳው ላይ ቢሞክሩት ሰውነትዎ ወዲያው ይቀበለዋል። መንገዱን በድንገት ከዘጋ ነገር ለማምለጥ የሚያስችልዎም ይህ ነው። ዓይንዎን ደግሞ ይግዙት፤ ሰው የሚያየው ወደሚፈራው ነገር ነው፣ ሞተር ደግሞ የሚሄደው ዓይን ወደሚያይበት ነው። ጉድጓዱን ትኩር ብሎ ያየ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ከጉድጓዱ ጎን ያለውን ማለፊያ ይመልከቱ። ኩርባ ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመግባት በፊት፣ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ ነው።

መንገዱ ራሱም ይነበባል። የሞተር ጎማ መንገዱን የሚነካበት ቦታ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም። ስለሆነም ለመኪና ምንም ያልሆነ ነገር ለእርስዎ ብዙ ነው፦ በኩርባ ውስጥ የተበተነ ጠጠር፣ የፈሰሰ ናፍጣ፣ የእግረኛ መሻገሪያው ነጭ ቀለም፣ የውኃ ማውረጃ ብረት ክዳን። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በዝናብ ጊዜ እንደ ሳሙና ያንሸራትታሉ። ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይበልጥ አደገኛ ናቸው፤ መንገዱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ገና አልታጠበምና። የሚቻል ከሆነ ቆም ብለው ያሳልፉት።

ሄልሜቱን በተመለከተ ወንድምዎን አመስግነው አይቀበሏቸው። የሄልሜት ዋናው ነገር የውጪው ጠንካራ ቅርፊት ሳይሆን ከሥሩ ያለው ደረቅ ፎም ነው። ጭንቅላት በድንገት ሲቆም የግጭቱን ኃይል ራሱ እየተጨፈለቀ የሚቀበለው እሱ ነው፤ አንዴ ከተጨፈለቀ ደግሞ ተመልሶ አይነፋም። አሮጌ ሄልሜት ከውጪ ሲያዩት ደህና መስሎ ውስጡ ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል፤ ላብ፣ ሙቀትና ፀሐይም ያዳክሙታል፤ ስለዚህ አምራቾች በአብዛኛው ከ5 ዓመት ያህል አገልግሎት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ። ከዚያም በላይ የወንድምዎ ሄልሜት የተላመደው የወንድምዎን ጭንቅላት ነው። አዲስ ሲገዙ በውስጡ የደረጃ ምልክት መኖሩን ይመልከቱ፤ የተባበሩት መንግሥታት ደንብ የሆነው «ኢሲኢ 22.06» ወይም የአሜሪካው «ዶት» በስፋት የሚታወቁ ናቸው። ከዚያ ያጥልቁትና ማሰሪያውን ይሰሩ፤ ከአገጭዎ ሥር ከሁለት ጣት በላይ ማስገባት የለበትም። ራስዎን ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዙ የጉንጭዎ ቆዳ ከሄልሜቱ ጋር አብሮ መንቀሳቀስ አለበት። በመጨረሻም ከኋላ በኩል ጠርዙን ይዘው ወደ ላይና ወደ ፊት ሊያወልቁት ይሞክሩ፤ ከወለቀ መንገድ ላይም ይወልቃል። አገጭን የሚሸፍነውን ሙሉውን እመርጥልዎታለሁ፤ ፊት ለፊት በሚደረግ ግጭት አገጭ ብዙ ይመታልና። ማሰሪያው ያልታሰረ ሄልሜት አለ ተብሎ አይቆጠርም።

በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ ያሰባሰበ ግምገማ እንደሚያሳየው ሄልሜት የሞት አደጋን በ40 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ70 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ይህ ዛሬ ግልጽ ቢመስልም በጥናት መነገር የጀመረው ብዙ ዘግይቶ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስመ ጥር የሆነው እንግሊዛዊው መኮንን ቲ. ኢ. ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1935 ያለ ሄልሜት ሞተር ሲነዳ ወድቆ ከስድስት ቀን በኋላ ሞተ። በመጨረሻ ቀኖቹ ካዩት ሐኪሞች አንዱ የአንጎል ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ሂው ኬርንስ ነበሩ። ኬርንስ እ.ኤ.አ. በ1941 በሠራዊቱ መልእክተኛ ሞተረኞች የጭንቅላት ጉዳት ላይ ጥናት አሳትመው ሠራዊቱ ሄልሜትን ግዴታ እንዲያደርግ ምክንያት ሆኑ። ጓንት፣ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማና ወፍራም ጃኬትም አይርሱ፤ ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚዘረጋው መዳፉን ነው።

ከፊትዎ ካለው ተሽከርካሪ ቢያንስ 2 ሰከንድ፣ በዝናብ ጊዜ ደግሞ 4 ሰከንድ ይራቁ። የፊተኛው ተሽከርካሪ አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብለው ይቁጠሩ፤ ቆጥረው ሳይጨርሱ ምሰሶው ጋ ከደረሱ በጣም ቀርበዋል። ረድፍ ሲቀይሩ ወይም ሲታጠፉ ስፖኪዮ ብቻውን አይበቃም፤ ፍሬቻ አሳይተው፣ ስፖኪዮውን አይተው፣ ከዚያ አንገትዎን ዞር አድርገው ከትከሻዎ በላይ ይመልከቱ፤ ከታጠፉም በኋላ ፍሬቻውን ያጥፉት፤ በብዙ ሞተሮች ላይ ራሱ አይጠፋም፣ ሳይጠፋ የቀረ ፍሬቻ ደግሞ ለሌላው አሽከርካሪ ውሸት ይነግራል። በቆሙ መኪናዎች መካከል ሾልኮ ወደ ፊት መውጣት በአንዳንድ አገሮች የተፈቀደ፣ በሌሎች የተከለከለ ነው፤ የትም ይሁን የት ግን በትልቅ የጭነት መኪና ጎን አይቁሙ። የእሱን ስፖኪዮ እርስዎ ማየት ካልቻሉ እሱም እርስዎን አያይም፤ ሲታጠፍ የኋላው ጎማ የፊቱን ዱካ ሳይከተል ወደ ውስጥ ይጠብባል።

ሌሎች እርስዎን እንዳያዩ ስፈራ ቆየሁ፤ እርስዎም የማያዩት ሰው አለ። እግረኛ ፊት እርስዎ ጠንካራው ወገን ነዎት። መሻገሪያው ላይ አንድ መኪና ከቆመ «ለምን ቆመ?» ብለው ይጠይቁ እንጂ በጎኑ አልፈው አይሂዱ፤ የቆመበት ምክንያት ከመኪናው ፊት እየተሻገረ ያለ ሕፃን ሊሆን ይችላል።

በየጠዋቱ ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት የጎማውን ነፋስና ጥርስ፣ የካቴናውን መላላት፣ የሁለቱን ፍሬኖች አያያዝ፣ መብራቶቹንና ክላክሱን ይመልከቱ፤ ትንሽ ጊዜ ነው የሚፈጀው። የካቴናውና የነፋሱ ልክ በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል፤ በግምት አይሥሩ። አዲስ የተገጠመ ጎማ ላይ ላዩ ስለሚያዳልጥ የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ይንዱት። ስለ መጠጥ ብዙ አልልም። የዓለም ጤና ድርጅት ለጀማሪ አሽከርካሪዎች የሚመክረው የደም አልኮል ወሰን ለሌሎች ከሚመክረው ያነሰ፣ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 0.02 ግራም ነው፤ ሚዛን ጠብቆ ለሚሄድ ሰው ግን ከዜሮ ሌላ ወሰን አልመክርም። ድካምና ስልክም ከዚሁ ተራ ናቸው።

ታናሽ እህትዎን ከኋላዎ ስለማስቀመጥ የገቡትን ቃል ለጊዜው ያዘግዩት። በብዙ አገሮች ተለማማጅ ሰው መጫን አይፈቀድለትም፤ ፈቃዱ ከወጣም በኋላ ቢሆን ሕጉ መፍቀዱ ሞተሩ ለእርስዎ እንዲቀልልዎ አያደርገውም። ከኋላ ሰው ሲቀመጥ የሞተሩ ክብደት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ መሪው ይቀልላል፣ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ይረዝማል፣ በዝግታ ሲዞሩም ሚዛን መጠበቅ ይከብዳል። ቀኑ ሲደርስ መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ ይለማመዱ። ለእሷም ልኳ የሆነ ሄልሜት ይግዙላት፤ እግሯ ማሳረፊያውን በሚገባ የሚደርስ መሆኑን ይመልከቱ፤ ሞተሩ ሲዘነብል አብራ እንድትዘነብል እንጂ በተቃራኒው እንዳትጎተት፣ ሳይነግሯትም እንዳትወርድ ያስረዷት። እስከዚያው ድረስ ትምህርት ቤት እንደ ለመደችው ትሂድ።

ፈተናውን ካለፉ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት የሚያውቁትን አንድ መንገድ ብቻ፣ በቀን ብርሃን፣ ትራፊክ በማይበዛበት ሰዓት ይመላለሱበት። ሌሊትና ከባድ ዝናብ፣ ከከተማ ውጪ ያሉ ፈጣን መንገዶችም ይቆዩዎት። ልምድ ካላቸው ሞተረኞች ጋር በቡድን ለመሄድ ከተጋበዙ ፍጥነቱን የሚወስኑት እነሱ ስለሚሆኑ ይቅርብኝ ይበሉ። አሠልጣኝዎም ፈቃደኛ ከሆኑ ያ መኪና የታጠፈበት መስቀለኛ ላይ መልሰው ይውሰዱዎት፤ በዚህ ጊዜ ግን ከመድረስዎ በፊት ነዳጅ መስጫውን ለቀው፣ ጣትዎን ፍሬኑ ላይ አሳርፈው፣ ዓይንዎን በሚታጠፉት መኪናዎች የፊት ጎማ ላይ አድርገው ይለፉት።